ባዶውን ውሃ ሳትፈትኑ ሊፒድ አታፍስሱ

በሜምብሬን (ህዋስን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን) ላይ የሚሠራ የፊዚክስ ሙከራ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቲዎሪው አይደለም። የውሃው ነው፣ የጣት ወዝ ነው፣ የክፍሉ አየር ነው። መሀል አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ ላብራቶሪ የሊፒድ (ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሽ ጅራት ያለው ቅባት መሰል ሞለኪውል) ንብርብር ለመለካት ስንነሳ ይህን ቀድሞ የነገረን አልነበረም። የምናነባቸው ጽሑፎች "በንጹሕ ውሃ ላይ" ብለው ያልፋሉ፤ ንጹሕነቱ በምን እንደሚታወቅ ግን አያብራሩም። የመጀመሪያውን የሚታመን ግራፍ እስክናገኝ ድረስ ወራት የበላችን እዚያች አንዲት ሐረግ ናት። ለማስተርስም ሆነ ለፒኤችዲ በዚህ መስክ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እነዚያ ወራት ለእናንተ እንዲተርፉ ነው የምጽፈው።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። የህዋስ ሜምብሬን መሠረቱ ጅራት ለጅራት የተጋጠሙ ሁለት የሊፒድ ንብርብሮች ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ በውሃ ገጽ ላይ ዘርግተን ከጎን እየገፋን ስናጠብበው፣ ሞለኪውሎቹ እንዴት እንደሚጠጋጉ ከገጽ ውጥረቱ (የውሃው ገጽ ለመኮማተር ከሚስብበት ኃይል) ለውጥ ማንበብ ይቻላል። ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የገጽ ውጥረቱ 72.8 ሚሊኒውተን በሜትር ነው። ሊፒዱ ሲጠጋጋ ይህ ቁጥር ይወርዳል፤ የወረደበትን መጠን የገጽ ግፊት እንለዋለን።

ውድ መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትመለሱ። አግነስ ፖከልስ ጀርመን ውስጥ በቤቷ ማጀት ሆና የሠራችበት ገንዳ የቆርቆሮ ዕቃ ነበር፤ ገጹን የምታጠብበው በቆርቆሮ ቁራጭ፣ ውጥረቱን የምትለካው ደግሞ ከሚዛን ባንጠለጠለችው የልብስ ቁልፍ ነበር። ውጤቷን ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ በደብዳቤ ጻፈችለት፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1891 በኔቸር መጽሔት አስወጣላት። አሜሪካዊው ኬሚስት ኧርቪንግ ላንግሙየር በዚያው መንገድ ሄዶ በ1917 የሞለኪውሎችን ስፋት ለካ፤ ዛሬ ገንዳው የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

የእኛ ገንዳ ከቴፍሎን የተፈለፈለ ነው፤ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሚሊሜትር። ሚዛኑ በየኬሚስትሪ ላብራቶሪው የሚገኘው፣ እስከ 0.1 ሚሊግራም የሚያነበው ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሚዛኖች ከሆዳቸው ሥር ማንጠልጠያ አላቸው፤ ገልብጣችሁ ትንሿን ክዳን ስታነሱ ታገኙታላችሁ። ሚዛኑን መሀሉ በተበሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በቀጭን ሽቦ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፊልተር ፔፐር አንጠልጥሉበት። ወረቀቱ በውሃ ከራሰ በኋላ ጫፉ ገጹን ሲነካ ንጹሕ ውሃ 149 ሚሊግራም ያህል ወደ ታች ይጎትተዋል። እያንዳንዱ ሚሊኒውተን በሜትር በሚዛኑ ላይ 2 ሚሊግራም ያህል ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሚዛኑ የመጨረሻ አሃዝ 0.05 ሚሊኒውተን በሜትር ይለያል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ ለባለሙያው ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ ቴፍሎኑን ሲቆርጥ ዘይት እንዳያስነካው፤ በደረቁ ወይም በውሃ ይቁረጠው። ሁለተኛ፣ የገንዳው ጠርዝ ፍጹም ልሙጥና ለጥ ያለ ይሁን። ውሃው ከጠርዙ አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማልና ጭረት ካለ በዚያ ያመልጣል። ገጹን ለማጥበብ የሚገፋውን ዘንግ ግን ከቴፍሎን አታሠሩት። ቴፍሎን ውሃ ስለሚሸሽ ሊፒዱ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ዴልሪን የሚባለው ጠንካራ ነጭ ፕላስቲክ ውሃ ስለሚያርሰው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ። ውሃችንን የምናምነው በኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታ) መለኪያ ነበር። መለኪያው 18.2 ሜጋኦም ሴንቲሜትር ካሳየ ውሃው የመጨረሻው ንጹሕ ነው ብለን እናፈሳለን። መለኪያው የሚያየው ግን ጨውን ነው፤ ቅባትን አያይም። ሒሳቡን ብንሠራው ኖሮ ገና ከጅምሩ እንነቃ ነበር። ገንዳው 100 ሚሊሊትር ይይዛል። ውሃው ውስጥ በሚሊዮን አንድ እጅ ቅባት ቢኖር 100 ማይክሮግራም ይሆናል። የ200 ስኩዌር ሴንቲሜትሩን ገጽ በሙሉ ለመሸፈን ደግሞ 22 ማይክሮግራም ሊፒድ ይበቃል። በሚሊዮን አንድ እጅ ቆሻሻ ገጹን ከአራት ጊዜ በላይ ሊሸፍነው ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ የማይሆነው፤ ጨው ባይኖረውም ቅባቱን ማንም አልለካለትም። በፕላስቲክ ጀሪካን የቆየ ዲስቲልድ ውሃም ያው ነው፤ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ነገር ገጹ ላይ ይሰፍራል።

ያዳነን አሮጌ ዘዴ ነው። ዲስቲልድ ውሃው ላይ ደማቅ ሐምራዊ እስኪሆን ድረስ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ ከዚያም ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምራችሁ፣ ሁሉም ክፍሉ መስታወት በሆነ ዲስቲል ማድረጊያ እንደገና አፍሉት። ፐርማንጋኔቱ ቅባቱን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ አሥረኛ ድፉት፣ የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ እዚያው ተዉት፣ መካከለኛውን ብቻ በመስታወት ጠርሙስ ያዙ። ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ አካባቢ ቢቆም አትደናገጡ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በዚያ ነው። ማፍያው ጋ እስካላችሁ ድረስ የዓይን መከላከያችሁን አታውልቁ፤ ያ ድብልቅ ሲፈላ ድንገት ሊዘል ይችላል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። በንጹሕ መስታወት ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሞልታችሁ በኃይል ናጡት፤ አረፋው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ወደ ገንዳው አታምጡት። ይህን ካለፈ ገንዳውን ሙሉና ዘንጉን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ የጠበበውን ገጽ ከፓምፕ ጋር በተያያዘ የመስታወት ፒፔት ምጠጡት። ገጽ ላይ ያለው ቆሻሻ ተሰብስቦ እዚያ ስላለ አብሮ ይሄዳል። ዘንጉን መልሱ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፣ እንደገና እስከ መጨረሻው ግፉ። ግፊቱ ከ0.2 ሚሊኒውተን በሜትር በላይ፣ በሚዛኑ ቋንቋ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ከተለወጠ ምጠጡና ድገሙት። አራት አምስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። ካለፈ በኋላም ዘንጉን ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ከውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣ ቅባት የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ፈተና ሳያልፍ አንዲት ጠብታ ሊፒድ ያፈሰሰ ሰው የሚለካው ሊፒዱን ይሁን የጠርሙሱን ክዳን አያውቅም።

ጠዋት ፈተናውን ያለፈ ውሃ ከሰዓት በኋላ ወደ 9 ሰዓት ሲሆን ብቻውን ግፊት እያሳየ አስቸግሮን ነበር። መጀመሪያ 0.5፣ ቆይቶ 1፣ ከዚያ 2 ሚሊኒውተን በሜትር። ገንዳውን ሁለት ጊዜ አጠብነው፤ ውሃውን ቀየርነው፤ ለውጥ የለም። መልሱ ከኮሪደሩ መጣ፤ በዚያ ሰዓት በአጠገቡ ክፍል ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የዕጣን ጭስ የሙጫ ቅባት ተሸክሞ ይመጣል፤ ወደ መንገዱ በሚከፈት መስኮት የሚገባው የናፍጣ ጭስም እንዲሁ። የሰውን ቡና ማስቀረት አይገባም። ገንዳውንና ሚዛኑን አንድ ላይ የሚሸፍን ግልጽ የአክሪሊክ ሳጥን አሠርታችሁ መስኮቱን ብትዘጉ ነገሩ ያበቃል። እጃችሁን ቅባት ወይም ሎሽን ባትቀቡም እንኳ ጓንት እስክታጠልቁ የወረቀቱንም የገንዳውንም ጠርዝ አትንኩ፤ ጓንቱም ዱቄት የሌለው ይሁን።

መስታወቱን በላርጎ አጥባችሁ ብዙ ጊዜ በማለቅለቅ ብቻ ይጸዳል ብላችሁ አትመኑ። ሳሙና ራሱ ውሃ ገጽ ላይ ለመቀመጥ የተሠራ ሞለኪውል ነው። ለላብራቶሪ መስታወት የተሠራውን የአልካላይ ማጽጃ 2 በመቶ አድርጋችሁ በሙቅ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከዚያ በዚያው በተፈተነ ውሃ ቢያንስ አሥር ጊዜ አለቅልቁ። ፒራና የሚባለውን የሰልፈሪክ አሲድና የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ የሚመክሯችሁ ይኖራሉ። ያጸዳል፤ ግን አሴቶን ወይም አልኮል የነካ ዕቃ ላይ ካረፈ ይፈነዳል፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ከተቀመጠም ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ፊውም ሁድ (ጭስ ወደ ውጭ የሚስብ የሥራ ቦታ) እና አብሯችሁ የሚቆም ልምድ ያለው ሰው ከሌለ ተዉት።

ሊፒዱን የሚያሟሟው ክሎሮፎርም ነው፤ ሁለተኛው ትልቅ የስሕተት ምንጫችንም እሱ ነበር። ፕላስቲክ ቲፕ ባለው ፒፔት ክሎሮፎርም አትቅዱ፤ ከፕላስቲኩ ቅባት አጥቦ ያመጣል። ዕቃ መሸፈኛው ፓራፊልምም ይሟሟበታል። የመስታወት ሲሪንጅ፣ የመስታወት ቫያል፣ በውስጡ ቴፍሎን ያለው ክዳን፤ ሌላ አማራጭ የለም። ከፍታችን ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በባሕር ጠለል 61 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ክሎሮፎርም እዚህ 53 አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ ባወራችሁ ቁጥር የቀረው መፍትሔ እየወፈረ ይሄዳል። ቫያሉን በየሳምንቱ መዝኑና ክብደቱን ላዩ ላይ ጻፉ፤ ሳትጠቀሙበት ከቀነሰ ያጣችሁት ክሎሮፎርሙን ብቻ ነው፣ ሊፒዱ እዚያው አለ። ለውሃ የምትጠቀሙባቸው ተራ ፒፔቶችም የተስተካከሉት ለሌላ የአየር ግፊት ነው። በውስጣቸው ያለው አየር እዚህ ስለሚሳሳ ከተጻፈው ያነሰ ይቀዳሉ፣ በትንንሽ መጠን ላይ ይብሳል። 100 ማይክሮሊትር ውሃ አሥር ጊዜ እየቀዳችሁ መዝኑ፤ እያንዳንዱ 100 ሚሊግራም አካባቢ መምጣት አለበት።

የመጀመሪያ ሊፒዳችሁ ዲፒፒሲ (DPPC) የሚባለው ይሁን። ሁሉም ሰው ስለለካው ግራፋችሁን የምታመሳክሩበት አታጡም። ጅራቶቹ ድርብ ቦንድ ስለሌላቸውም በኦክስጅን በቀላሉ አይበላሽም። ለ200 ስኩዌር ሴንቲሜትር ገጽ፣ በአንድ ሞለኪውል 110 ስኩዌር አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) እንዲደርስ፣ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ከሆነው መፍትሔ 22 ማይክሮሊትር ትፈልጋላችሁ። የሲሪንጁን ጫፍ ከገጹ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጠብታዋ ጫፉ ላይ ስትንጠለጠል ዝቅ አድርጋችሁ ገጹን አስነኩ። ከላይ ከጣላችኋት ወደ ውስጥ ትሰምጣለች። ቦታ እየቀያየራችሁ ጨርሱ፣ ክሎሮፎርሙ እስኪተን 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ግፉ።

አግድሙ ለአንድ ሞለኪውል የሚደርሰው ስፋት፣ ቁመቱ የገጽ ግፊት የሆነው ግራፍ መጀመሪያ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይመጣል፤ ቀጥሎ በትንሽ ግፊት ላይ ለጥ ያለ ሜዳ ይሠራል፤ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ይወጣና 70 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ሲደርስ ይሰበራል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ማስመሪያ ሰጥታችኋለች። አንድ የተዘረጋ ጅራት ቢያንስ 20 ስኩዌር አንግስትሮም ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ዲፒፒሲ ሁለት ጅራት አለው፤ ስለዚህ ንብርብሩ ሳይሰበር ከ40 ስኩዌር አንግስትሮም በታች ሊወርድ አይችልም። ግራፋችሁ 35 ላይ ሲወጣ ካያችሁ አዲስ ፊዚክስ አላገኛችሁም፤ ሊፒድ ጠፍቶባችኋል። ወይ ሲሪንጁ አጉድሏል፣ ወይ በዘንጉ ሥር ሾልኳል፣ ወይ ጠብታው ሰምጧል። በተቃራኒው ሁሉም ነገር ወደ ሰፊው ከተገፋ ክሎሮፎርሙ ተኖ መፍትሔው ወፍሯል፣ ወይም ቆሻሻ ተጨምሯል።

ሜዳው የት እንደሚመጣ ብዙ አከራክሮናል። አንድ ቀን 4፣ ሌላ ቀን 8 ሚሊኒውተን በሜትር ላይ ይመጣል። ቆሻሻ ነው ብለን ውሃ ስናፈላ ከረምን። ነገሩ የተፈታው ቴርሞሜትር ገንዳው ውስጥ ስንከት ነው። በክረምት ጠዋት ክፍሉ 17 ዲግሪ ይሆናል፣ በኅዳር ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ 24 ይደርሳል። የዲፒፒሲ ሜዳ ደግሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በ20 ዲግሪ ከ4 እስከ 5 አካባቢ መሆን አለበት። ከቴፍሎኑ ሥር ውሃ የሚዞርበት የአሉሚኒየም ሳህን አድርጉ። ቴፍሎን ሙቀት ቶሎ ስለማያሳልፍ ውሃውን የሚያዞረው መሣሪያ የሚያሳየውን ቁጥር ሳይሆን የገንዳውን ውሃ ለኩ፣ ለመረጋጋትም ግማሽ ሰዓት ስጡት።

በበጋ የሚመጣው ችግር ትነት ነው። አየሩ ሲደርቅ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ወረቀቱም ከውሃው ይወጣል። ወረቀቱ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው፣ ውሃው በአንድ ሚሊሜትር ሲወርድ 2 ሚሊግራም ተንሳፋፊነት ይጠፋል፤ ይህ በትክክል አንድ ሚሊኒውተን በሜትር የሚያህል ሐሰተኛ ለውጥ ነው። ያው አክሪሊክ ሳጥን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በብርጭቆ አስቀምጡ፤ አንድ ልኬትም ከአንድ ሰዓት አይለፍ።

አሁን ስለ ቫኪዩም። ከአንድ ንብርብር አልፋችሁ ሁለቱም ንብርብር ያላቸውን ትልልቅ ቬሲክሎች (በሜምብሬን የተዘጉ ክብ ከረጢቶች) ለመሥራት ስትነሱ ሊፒዱ ከክሎሮፎርም ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ዴሲኬተር (አየሩ በፓምፕ የሚወጣለት ማድረቂያ ዕቃ) ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት። እኛ የግፊት መለኪያው ጌጅ −0.76 ባር ላይ ቆሞ አልወርድ ሲል ሊክ አለ ብለን ጎማውን ቀየርን፣ ግሪስ ቀባን፣ ፓምፑን ፈታን። ሊክ አልነበረም። ተራ ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የውጭው አየር ራሱ 0.76 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ −0.76 ማለት ባዶ ማለት ነው። −1 የሚለውን ቁጥር እዚህ ከተማ ውስጥ አትጠብቁት።

ከዚህ የከፋው መብራት ሲጠፋ የሚደርሰው ነው። በዘይት የሚሠራ ፓምፕ ድንገት ሲቆም ዴሲኬተሩ ባዶ ስለሆነ ዘይቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። ቱቦው ውስጥ ቡናማ መስመር ታያላችሁ፤ ሊፒዱ ላይ ደግሞ ዓይን የማያየው የዘይት ጉም ያርፋል። ያን ናሙና ለማዳን አትሞክሩ። መከላከያው መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ በፓምፑና በዴሲኬተሩ መካከል ማስገባት ነው። እሱ ካልተገኘ ባዶ ወፍራም ጠርሙስ እንደ ወጥመድ መሀል ላይ ግጠሙና ፓምፑን ያለ ሰው ትታችሁ አትሂዱ። ማቀዝቀዣ ውስጥ በ−20 የምታስቀምጡት ሊፒድም በመብራት መጥፋት ስለሚሞቅ የቀዘቀዘ የበረዶ ከረጢት አብሮት ይኑር። ስታወጡት የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ አትክፈቱት፣ ጤዛ ይገባበታል።

ለቬሲክል ዶፒሲ የሚባለውን ሊፒድ ውሰዱ፤ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው። በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ከሆነው 10 ማይክሮሊትር፣ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፈው አይቲኦ መስታወት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የትኛው ፊት እንደሚያሳልፍ በመልቲሜትር ለዩት። ካደረቃችሁ በኋላ ሁለቱን መስታወቶች በ2 ሚሊሜትር አራርቃችሁ መሀላቸውን በ200 ሚሊሞላር ሱክሮዝ ሙሉ፤ በ10 ኸርዝ፣ በየሚሊሜትሩ 1 ቮልት ገደማ ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ለሁለት ሰዓት ስጡት። ጨው ያለበት መፍትሔ በዚህ ፍሪኩዌንሲ እሺ አይልም፤ በሱክሮዝ ጀምሩ።

ቬሲክሎቹን የምታስተላልፉበት የግሉኮዝ መፍትሔ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቬሲክሎቻችን መስታወቱ ላይ እያሉ ያምራሉ፣ ግሉኮዝ ውስጥ ሲገቡ ይጠፋሉ። ጥፋቱ የነበረው በግሉኮዙ ጠርሙስ ላይ ነው፤ ሞኖሃይድሬት ይላል። ውሃ የሌለው ግሉኮዝ አንድ ሞሉ 180.16 ግራም ሲሆን፣ ውሃ ያዘለው ሞኖሃይድሬት 198.17 ነው። ለ100 ሚሊሊትር 3.60 ግራም ስትመዝኑ ያገኛችሁት 200 ሳይሆን 182 ሚሊሞላር ነው። ውስጡ 200፣ ውጩ 182 ከሆነ ውሃ ይገባል፤ እኩል እስኪሆን የቬሲክሉ ይዘት በ10 በመቶ፣ ገጹ በ6.5 በመቶ መለጠጥ አለበት። የሊፒድ ሜምብሬን ደግሞ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲለጠጥ ይቀደዳል። ትክክለኛው ለሞኖሃይድሬቱ 3.96 ግራም፣ ለሱክሮዙ 6.85 ግራም ነው። በዚህ ከመዘናችሁ ቬሲክሎቹን ግሉኮዙ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ሳትነኳቸው ተዉአቸው። ሱክሮዝ ከግሉኮዝ ስለሚከብድ ቬሲክሎቹ ወደ ታች ይሰፍራሉ፤ በፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ስታዩ ጥቁር ክብ፣ ዙሪያው በብርሃን የተከበበ ሆኖ ይመጣል።